የጎደለችው ጣሳ፦ በቤተ ክርስቲያን ታማኝነት የሚላላው ከየት ጀምሮ ነው?

የተወደዳችሁ የአገልግሎታችን ደጋፊዎች፤

ከእናንተ በሚደርሱን ደብዳቤዎች ውስጥ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ይኸውም «የዛሬ ክርስቲያን ምን ነካው? የምእመናን ቁጥር ሲበዛ ታማኝነት ለምን አነሰ?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ በገንዘብ ጉዳይ የተካሰሱ አገልጋዮችን ታነሣላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ጸሎትን በዋጋ የሚሸጡትን፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ እሑድ እየዘመረ ሰኞ በሐሰት ደረሰኝ የሚያወራርደውን ወንድም ታነሣላችሁ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን በሌሎች ላይ ጣት በመጠቆም ብንጀምር እውነተኞች አንሆንም። ስለዚህ ከራሳችን እንጀምራለን።

«ልጆቼ፣ ጣሳችሁ ከስታለች»

በአንድ የድርቅ ዓመት፣ በአንድ ቆላ ወረዳ ውስጥ፣ በአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እህል እናከፋፍል ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ ተመድቧል። ሚዛናችን ስለ ተበላሸ ስንዴው በጣሳ እየተሰፈረ ይሰጥ ነበር። ጣሳዋ ልክ አንድ ኪሎ እንድትይዝ በመጀመሪያው ወር ተለክታ ነበርና በእርስዋ ላይ ጥርጥር አልነበረንም።

በሦስተኛው ወር አንዲት አሮጊት እናት ድርሻቸውን ተቀብለው ከወጡ በኋላ ተመለሱና፣ «ልጆቼ፣ ጣሳችሁ ከስታለች» አሉን። ሰልፈኛው ሳቀ። እርሳቸው ግን አቁማዳቸውን አቁመው በእጃቸው እየለኩ፣ «በመጀመሪያው ወር እስከዚህ ይደርስ ነበር። አሁን ይኸው እዚህ ላይ ቀረ። አቁማዳው ያው ነው፤ ስፍሩም አሥራ አምስት ነው» አሉ። እኛም ፈገግ ብለን፣ «እማማ፣ እህሉ ረግቶ ነው» ብለን አሰናበትናቸው።

ነገሩ ግን ከልባችን አልወጣም። ለአራተኛው ወር ከከተማ ሚዛን ይዘን ሄድንና ጣሳዋን ሞልተን መዘንናት። 60 ግራም ጎደለች። ገልብጠን ስናያት ግርጌዋ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጧል።

60 ግራም ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። ነገር ግን ከአንድ ሰው አሥራ አምስት ጣሳ ላይ 900 ግራም ይሆናል። በዚያ ማከፋፈያ 2,000 ያህል ሰዎች ይረዱ ስለ ነበር፣ በወር 18 ኩንታል፣ በሁለት ወር 36 ኩንታል ስንዴ ከድሆች አቁማዳ ጎድሎ በመጋዘን ቀርቷል ማለት ነው።

መጋዘኑን የያዙት የአጥቢያዋ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ጭቃ፣ ጣራቸው ሣር ነው። ስንጠይቃቸው አልካዱም። «ለራሴ አንዲት ፍሬ አልወሰድኩም። ሸጬ ለጌታ ቤት ቆርቆሮ ገዛሁበት» አሉ። ቀና ብለን ስናይ የጸሎት ቤቱ ጣራ ግማሹ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። እኛም ባለፉት ሁለት ወራት በዚያ ጣራ ደስ ብሎን ነበር፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ብለን ግን አልጠየቅንም።

ከዚህ የከፋውንም መናገር ይገባናል። በእነዚያ ሁለት ወራት «እህሉ ለተረጂዎች ሙሉ በሙሉ ተከፋፍሏል» የሚል ሪፖርት ፈርመን ልከናል። ያ ሪፖርት ለእናንተም ደርሷል። ሳንመዝን ነው የፈረምነው። ቀጥቃጩ አንድ ሰው ይሁን እንጂ ለጎደለው ጣሳ የፈረምነው ብዙ ነን።

ጉድለቱ እንዴት ያድጋል?

አባቶቻችን የሚያወሩት ታሪክ አለ። ልጁ በሕፃንነቱ እንቁላል ሰርቆ ሲያመጣ እናቱ ደስ ብሏት ተቀበለችው። አድጎ በሬ ሰርቆ ሲያዝና ሊቀጣ ሲወሰድ፣ «ምነው በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት ይባላል። በየአጥቢያው ከተመለከትነው ተነሥተን የእንቁላሉን ጊዜ የምንለይባቸውን አራት ምልክቶች እንዘረዝራለን።

1ኛ/ በጎ ዓላማ መሸፈኛ ይሆናል። ጉድለት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው «ልስረቅ» እያለ አይደለም። «ለጌታ ሥራ ነው» እያለ ነው። ለቆርቆሮው፣ ለስብከት ጉዞው፣ ለድምፅ ማጉያው ሲባል የሌላ ሰው ድርሻ ይነካል። ነገር ግን ከድሀ በተጎደለ ስንዴ የተሠራ ጣራ ለእግዚአብሔር የቀረበ መባ ሊሆን አይችልም።

2ኛ/ አንድ እጅ ብቻ ይይዛል። ቁልፉም፣ መዝገቡም፣ ጣሳውም በአንድ ሰው እጅ ይሆናል። ያ ሰው መልካም ሰው ቢሆንም ይህ ለእርሱ የተጠመደ ወጥመድ ነው። እኒያን ሽማግሌ ለብቻቸው የተውናቸው እኛው ነን።

3ኛ/ ጠያቂው ይነቀፋል። በእኛ አገር ይሉኝታ ትልቅ ኃይል አለው። ታላቅን ሰው «ሒሳቡን ያሳዩን» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። በዚህ ላይ መንፈሳዊ ቃል ሲታከልበት ጠያቂው «ቅናት ያዘው»፣ «አገልጋይ ተዳፈረ» ይባላል። ስለ እግዚአብሔር ቅቡዓን አለመነካት የሚናገረው ቃል አገልጋይን ሒሳብ ላለመጠየቅ ይጠቀሳል። ዳዊት በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም፤ ነገር ግን የልብሱን ዘርፍ በእጁ ይዞ በደሉን በግልጽ ነግሮታል (1ኛ ሳሙኤል 24)። ናታንም ለዳዊት፣ ጳውሎስም ለጴጥሮስ እንዲሁ አድርገዋል። አገልጋይን ማክበርና ሒሳብ መጠየቅ አይጣሉም።

4ኛ/ ዕዳውን ድሀ ይከፍላል። «ማንም አልተጎዳም» የሚባለው የተጎዳው ሰው ድምፅ ስለሌለው ነው። በእኛ ጉዳይ መጀመሪያ የተናገሩት አቁማዳቸውን በእጃቸው የለኩት እናት ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም ተሳቀባቸው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም

እነዚህ አራት ምልክቶች በሀብታም አገር ባሉ ታላላቅ አገልግሎቶችም ታይተዋል። የሚለየው የገንዘቡ መጠን ነው።

በአሜሪካ ጂም ቤከር የተባለው የቴሌቪዥን ሰባኪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአገልግሎቱ 1,000 ዶላር ለሰጠ ሁሉ በየዓመቱ በአገልግሎቱ ሆቴል ጥቂት ቀን የማረፍ መብት እንደሚያገኝ ቃል ይገባ ነበር። ሆቴሉ ሊያስተናግድ ከሚችለው እጅግ የበለጠ መብት ተሸጠ። ከገንዘቡም ብዙው ለሌላ ወጪና ለእርሱና ለቤተሰቡ ምቾት ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከሥልጣኑ ለቀቀ፤ በ1989 በ24 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፤ 45 ዓመት ተፈረደበት። ኋላ ቅጣቱ ተቀንሶለት በ1994 ተፈታ። ሲሰብከው የኖረው የብልጽግና ትምህርት ስሕተት እንደ ነበረም በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ ጽፏል። በዙሪያው የአስተዳደር ቦርድ ነበረ፤ ቦርዱ ግን የሚያጸድቅ እንጂ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሁለተኛው ለእኛ ለዕርዳታ ድርጅቶች የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 «ኒው ኢራ» የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በፔንሲልቫኒያ ተቋቋመ። መሥራቹ ጆን ቤኔት ለክርስቲያን ድርጅቶችና ትምህርት ቤቶች፣ «ገንዘባችሁን ስድስት ወር አስቀምጡልኝ፤ ስማቸው እንዲገለጥ የማይፈልጉ ለጋሾች እጥፍ ያደርጉላችኋል» ይል ነበር። እጥፍ የተከፈላቸው ነበሩ፤ ስለዚህ ሌሎችም ተሽቀዳደሙ። ነገር ግን ለጋሾች የሚባሉት አልነበሩም። ለቀደመው የሚከፈለው ከኋለኛው በተቀበለው ገንዘብ ነበር። በግንቦት 1995 (እ.ኤ.አ.) ድርጅቱ ወደቀ፤ ቤኔትም በ1997 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ይህን ጉድ ለማጋለጥ ከደከሙት ዋነኛው በሚሺጋን በሚገኝ ስፕሪንግ አርቦር በተባለ የክርስቲያን ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ መምህር የነበረው አልበርት ማየር ነው። የኮሌጁን መዝገብ ሲመለከት ወደዚያ ድርጅት የተላለፈ ብዙ ገንዘብ አየና ጠየቀ። አለቆቹ ግን ሥጋቱን አልተቀበሉትም፤ ኮሌጁም ገንዘብ ማስገባቱን ቀጠለ። ማየር ሁለት ዓመት ያህል ሰነድ እየሰበሰበ ለመንግሥት መርማሪዎችና ለጋዜጠኞች አሳወቀ። የጸሎት ሰዎች የነበሩ ብዙ መሪዎች ያላዩትን አንድ የሒሳብ ሰው አየው፤ ምክንያቱም «ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ብሎ ጠይቋልና። ከውድቀቱም በኋላ ትርፍ አግኝተው የነበሩ አያሌ ክርስቲያን ድርጅቶች፣ ገንዘባቸውን ላጡት እንዲካፈል ብለው የተቀበሉትን መልሰዋል። ይህም ሊነገርላቸው የሚገባ ነው።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በዓለም ሁሉ የታወቀው የወንጌል ተሟጋች ራቪ ዘካርያስ እ.ኤ.አ. በ2020 ካረፈ በኋላ ድርጅቱ ያስደረገው ምርመራ በ2021 ይፋ ሆነ። ሰውየው ለዓመታት በሴቶች ላይ በደል እንደ ፈጸመ ምርመራው አረጋገጠ። ለችግረኞች መርጃ ተብሎ ከተያዘ ሒሳብም ገንዘብ ከእርሱ ጋር ግንኙነት ለነበራቸው ጥቂት ሴቶች ጥቅም ይላክ ነበር። ቀደም ብላ የተናገረችውን አንዲት ሴት ድርጅቱ አላመናትም ነበር፤ ኋላ የቦርዱ አባላት ስለዚህ ይቅርታ ጠይቀዋል። በጎ ስም ያለው ሒሳብ፣ የማይጠየቅ አንድ ሰው፣ የተነቀፈች ተናጋሪ፣ ዕዳውን የከፈለ ደካማ፦ አራቱም ምልክቶች በአንድ ቦታ ተገኙ።

የዱሮው ዘመን ንጹሕ ነበርን?

«በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ አባቶች አሉ። ንግግራቸው እውነት አለበት። በደርግ ዘመን አያሌ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ በድብቅ ሲሰበሰቡ፣ መሪ መሆን እስር እንጂ ክብር አያስገኝም ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ሲዘጋ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ንብረቱም ተወሰደ። በዚያ በድብቅ ዘመን ግን ምእመናኑ በብዙ እጥፍ ጨመሩ።

ሆኖም የዚያ ዘመን ፈተና ፍርሃት ነበር፤ የዚህ ዘመን ፈተና ደግሞ ምቾት ነው። በፍርሃት የወደቁ ነበሩ፤ በምቾት የሚጸኑም ዛሬ አሉ። እንዲያውም በሐዋርያት ዘመን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሐናንያና ሰጲራ ስለ ሰጡት ገንዘብ ዋሽተዋል። ከጌታ ደቀ መዛሙርት መካከል እንኳ ከረጢቱን የያዘው ይሰርቅ ነበር። እንግዲህ ፈውሱ የጥንቱን ዘመን መናፈቅ አይደለም። ጥንት የነበሩት ሐዋርያት ምን አደረጉ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሐዋርያት ያቆሙት ሥርዓት

በሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የምናነበው ማጉረምረም ስለ ዕርዳታ ሥርጭት ነው። በየዕለቱ በሚሰጠው ምግብ አንዳንድ መበለቶች ተዘነጉ። ሐዋርያት ግን «እኛን ትጠረጥራላችሁን?» ብለው አልተቆጡም። ማጉረምረሙን ሰምተው ሕዝቡ ራሱ ሰባት የታመኑ ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የመበለቶች አቤቱታ ለቤተ ክርስቲያን በረከት ሆነ።

ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ችግረኞች ከአሕዛብ ጉባኤዎች ገንዘብ ሲያሰባስብ ብቻውን አልያዘውም። ከቲቶ ጋር በጉባኤዎች የተመረጠና የተመሰከረለት ሌላ ወንድም አብሮ እንዲሄድ አደረገ። ምክንያቱንም ሲገልጽ በዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፋቸው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ለማድረግ እንደሚጠነቀቁ ጽፏል (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። «እግዚአብሔር ያውቀኛል» የሚለው አባባል ለጳውሎስ በቂ ካልነበረ ለእኛም በቂ አይደለም።

ከእርሱ አስቀድሞ በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ለመቅደሱ ማደሻ የተሰጠው ገንዘብ በካህናቱ እጅ እየገባ መቅደሱ ሳይታደስ ዓመታት አለፉ። ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተበሳ ሣጥን አቆመ። ሲሞላም የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለቱ በአንድነት ቆጠሩት (2ኛ ነገሥት 12)። መቅደሱ የታደሰው ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ነው።

ስለ ምን ያን ያህል ያስጨንቀናል?

በ2015 ዓ.ም. በአገራችን የምግብ ዕርዳታ በብዙ ቦታ ለታሰበለት ሰው ሳይደርስ በመሸጡና ወደ ሌላ በመዞሩ፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና፣ ኋላ የተዘጋው የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት፣ በመጀመሪያ በትግራይ፣ ከዚያም በሰኔ ወር በመላው ኢትዮጵያ የምግብ ሥርጭት አቋረጡ። ሥርጭቱ እንደገና እስኪቀጥል ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት የተራበው እህሉን የሸጠው ሰው አልነበረም። የተራበው ድሮም አቁማዳው የጎደለበት ድሀ ነው። አንድ ሌባ ሲሰርቅ እህል ይጠፋል፤ እምነት ሲጠፋ ግን የእህሉ መንገድ ራሱ ይዘጋል።

ወንጌልም እንዲሁ ነው። «የክርስቲያን ጣሳ ጎዶሎ ናት» የተባለበት መንደር ውስጥ ገብቶ ስለ እግዚአብሔር ጽድቅ መስበክ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኛ አይተነዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው

የዚያች አጥቢያ ሽማግሌዎች ሁለት ቀን ተወያዩ። አንዳንዶቹ «ነገሩ ከወጣ ወንጌል ይሰደባል፤ ዝም ብለን እናርመው» አሉ። በመጨረሻ ግን በጉባኤው ፊት እንዲነገር ተስማሙ። ሽማግሌው ቆመው ጥፋታቸውን ተናገሩ። እኛም ከእርሳቸው ቀጥለን ቆምንና ሳንመዝን እንደ ፈረምን ተናገርን። ገና ያልተመታው ቆርቆሮ ተሸጠ፤ የቀረውን ምእመናኑ ከሁለት መኸር ምርታቸው አዋጥተው 36ቱን ኩንታል መለሱ። ጣራው ለረጅም ጊዜ ግማሹ ሣር ሆኖ ቆየ።

ሽማግሌው ከኃላፊነታቸው ወረዱ፤ ከጉባኤው ግን አልራቁም። ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ ቅር ብሏቸው የሄዱ ቤተሰቦች ዛሬም ወደዚያ ደጅ አይመጡም። ኃጢአት በንስሐ ይቅር ቢባልም ጠባሳው ሊቆይ እንደሚችል ከዚህ ተምረናል።

አቁማዳቸውን የለኩት እናት የማከፋፈያው ኮሚቴ አባል ሆነው ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ በምንሠራበት ቦታ ሁሉ ከተረጂዎች የተመረጡ ሦስት ሰዎች ሚዛኑን ሳይፈትኑ ሥርጭት አይጀመርም።

ከእናንተ የምንለምነው

ወገኖች ሆይ፣ በየአጥቢያችሁ እነዚህን ጥያቄዎች በፍቅርና በትሕትና ጠይቁ፦

— መባውን የሚቆጥሩት ስንት ሰዎች ናቸው? ዝምድናስ አላቸውን?
— የዓመቱ ሒሳብ በውጭ ሰው ይመረመራልን? ውጤቱ ለምእመናን ይነበባልን?
— ለመበለቶችና ለወላጅ አልባ ልጆች የተሰጠው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ውሎ ያውቃልን?
— ጥያቄ ያነሣ ምእመን ምን ይደርስበታል?
— እኔስ በመሥሪያ ቤቴ፣ በሱቄ፣ በአበል ወረቀቴ ላይ የቀጠቀጥኩት ጣሳ አለን?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። የመሪዎቻችን ጣሳ ጎደለ ብለን ስንጮህ የእኛው እንዳይጎድል እንፍራ። ጥያቄአችሁም ከአጥቢያችሁ አልፎ ወደ እኛ ይምጣ። የላካችሁት ገንዘብ የት እንደ ዋለ ስትጠይቁን እንደ ተጠራጣሪ አንቆጥራችሁም፤ እንደ ረዳት እንቀበላችኋለን እንጂ። ሥርጭት በሚደረግበት ቀን መጥታችሁ ለማየት የምትችሉ ካላችሁም ኑ፤ ሚዛኑ በደጅ ነው የሚቆመው።

ስለ ማከፋፈያ ሠራተኞቻችን፣ ስለ አጥቢያ ሽማግሌዎች፣ ከሁሉም ይልቅ ድምፃቸው ስለማይሰማ ተረጂዎች ጸልዩ። «ጣሳችሁ ከስታለች» የሚለን ሰው ሲመጣ የምንሰማበትን ጆሮ ጌታ ይስጠን።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።